ቀመሩና ጠርሙሱ፦ የሃንስ ሁርኒ ሥራና የኢትዮጵያ ደጋማ አፈር

ክቡራትና ክቡራን፣

የዛሬው ንግግሬ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ስለነበሩትና የሥራ ዘመናቸውን ትልቅ ክፍል ለኢትዮጵያ ደጋማ አፈር ስለሰጡት ስለ ሃንስ ሁርኒ ነው። እሳቸውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ወይም በአፈርና ውኃ ጥበቃ የተመረቀ ሰው «ሁርኒ፣ 1985» የሚለውን ጥቅስ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ሳያስገባ የቀረ አይመስለኝም፤ ከጥቅሱ በስተጀርባ ያለውን ሥራ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ጥቅሱ የሚያመለክተው አንድ ቀመር ነው። እኔ የምከራከረው ቀመሩ ከሰውየው ሥራ ትንሹ ክፍል መሆኑን፣ ትልቁ ክፍል በየተፋሰሱ የዘረጉት የልኬት ሥርዓት መሆኑን፣ እኛም ትንሹን ወርሰን ትልቁን ችላ ማለታችንን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከስሜን ነው። ሁርኒ ገና ወጣት ሳሉ ከ1975 እስከ 1977 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። ፓርኩ በ1969 ሲቋቋም ዋናው ዓላማው ዋልያን የመሳሰሉትን በሌላ አገር የማይገኙ እንስሳት መጠበቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ በፓርኩ ክልል ውስጥና በዙሪያው ያለው ገበሬ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ቀጥ ብሎ ለመቆም እንኳ በሚያስቸግር ዳገት ላይ ገብስ ያርስ ነበር። የዋልያው መኖሪያና የገበሬው ማሳ በአንድ ተራራ ላይ የሚገናኙ በመሆናቸው፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ የተመደበ ወጣት ተመራማሪ ዓይኑን ወደ ማሳው ማዞሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ሁርኒ በታረሰውና ባልታረሰው መሬት መካከል ያለውን የአፈር ጥልቀት ልዩነት መረመሩ፤ በጥንቱ የበረዶ ዘመን ተራራውን ሸፍኖ የነበረውን የበረዶ ግግር አሻራም ተከታትለው አጠኑ። የሁለቱ ጥናቶች መገናኛ አንድ ጥያቄ ነበር፤ አፈር የሚፈጠርበት ፍጥነትና በእርሻ ምክንያት ተጠርጎ የሚሄድበት ፍጥነት ምን ያህል ይራራቃሉ? በኋላም ይህንኑ ጥያቄ ይዘው በሰሜን ታይላንድ ተራሮች ሠርተዋል፤ የሁለቱን አገሮች ውጤት ጎን ለጎን ያስቀመጡበት ጽሑፍ በ1983 ታትሟል።

ጥያቄው የተነሣበትን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1973ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ የመሬት መራቆት የመንግሥትም የለጋሾችም አጀንዳ ሆኖ ነበር። በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ በኩል እየወጣ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ስንዴና ዘይት ይቀበላል። የተሠራው እርከን በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ ለበላይ አካል ይዘገባል። በዚህ ዘመቻ የዳነው አፈር ስንት እንደሆነ ግን የሚመልስ ሰው አልነበረም፤ ቀድሞ ነገር በየዓመቱ የሚጠፋው ስንት እንደሆነ በመስክ የለካ አልነበረምና። በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በስዊዘርላንድ መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነበር። መሪው ሁርኒ ነበሩ።

ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ጣቢያ በወሎ ማይባር ላይ ከፈተ። በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚ፣ እንዲሁም ዛሬ በኤርትራ ግዛት የሚገኘው አፍደዩ ተጨመሩ። ቦታዎቹ የተመረጡት ከደረቁ እስከ እርጥቡ፣ ከወይና ደጋው እስከ ውርጩ ያለውን የአየር ንብረት ልዩነት እንዲወክሉ ተደርጎ ነው።

በአንዱ ጣቢያ፣ በአንጀኒ፣ ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ዘርዘር አድርጌ ልናገር። አንጀኒ በደምበጫ አካባቢ የምትገኝ፣ ስፋቷ 113 ሄክታር ገደማ የሆነች፣ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ትንሽ ተፋሰስ ናት። በማሳዎቹ ውስጥ 2 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ያላቸው የሙከራ መደቦች ዙሪያቸው ታጥሮ፣ ከግርጌያቸው ጎርፉና ደለሉ የሚጠራቀምበት ገንዳ ተቀምጦላቸዋል። የተፋሰሱ ውኃ በሙሉ የሚወጣበት ወንዝ ደግሞ በመለኪያ ጣቢያው በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል። ዝናብ ጥሎ ወንዙ መደፍረስ ሲጀምር ተመልካቹ ወደ መለኪያው ይወርዳል፤ የውኃውን ከፍታ ያነባል፤ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ውኃው እስኪጠራ ድረስም ይህንኑ ይደጋግማል። ናሙናው በኋላ ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ይህ ለአንድ ዝናብ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ ከዓመት ዓመት፣ በሰባት ጣቢያዎች ይህ ሲደረግ ምን ያህል ጠርሙስ እንደተሞላ ማስላቱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ጠርሙሶቹ የነገሩን የመጀመሪያው ነገር ጊዜን የሚመለከት ነው። የወንዙ ውኃ በአፈር እጅግ የሚወፍረው ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ነሐሴ ተጋምሶ ሰብሉ መሬቱን ሲሸፍነው ዝናቡ ሳይቀንስ እንኳ ደለሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ምክንያቱን ገበሬ አይስተውም። ጤፍ ደቃቅ ዘር በመሆኑ ማሳው አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ በብዙ ቦታ በከብት ተረግጦ መዘጋጀት አለበት፤ ስለዚህ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት መሬቱ ራቁቱን ነው። ከዓመቱ ኪሳራ አብዛኛው የሚደርሰው ደግሞ በጥቂት ከባድ ዝናቦች መሆኑ ታየ። ጠርሙሱን ይዞ በዚያች ሰዓት ወንዙ ዳር ያልተገኘ ሰው የዓመቱን ታሪክ አምልጦታል ማለት ነው፤ በዓመት አንዴ በሚደረግ የመስክ ጉብኝት የአፈር መሸርሸርን ማጥናት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው። ሁርኒ ከጣቢያዎቹ ልኬት ተነሥተው ለመላው አገሪቱ ባወጡት ግምት፣ በእርሻ መሬት ላይ በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይሸረሸራል። ይህ አኃዝ በቶን ሲነገር ለጆሮ ቀላል ነው። ጥማድ በብዙ አካባቢ የሄክታር ሩብ ያህል ነውና፣ 42 ቶን ማለት ከአንድ ጥማድ መሬት በየዓመቱ ከመቶ ኩንታል በላይ አፈር ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አማካይ የጤፍ ምርት ከሙሉ ሄክታር እንኳ 10 ኩንታል አይሞላም ነበር። በአንጻሩ አፈር በተፈጥሮ የሚተካበት ፍጥነት እንደ አካባቢው በሄክታር ከ2 እስከ 22 ቶን እንደሆነ ሁርኒ ገምተዋል። እጅግ ለም በሆነው ቦታ እንኳ ገቢው የወጪውን ግማሽ ያህል ነው፤ በደረቁና በቀዝቃዛው አካባቢ ደግሞ ጨርሶ የሚነጻጸር አይደለም። ስለ ዘላቂ ልማት ስንናገር ብዙ ጊዜ ቃሉ ባዶ ሆኖ ይሰማኛል፤ እዚህ ጋ ግን ትርጉሙ በቁጥር ተቀምጧል።

ስለዚህ አኃዝ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ለመላው አገሪቱ የተሰላው ግምት በዓመት 1.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ በየመድረኩ «በየዓመቱ 1.5 ቢሊዮን ቶን አፈር በወንዞቻችን ተጭኖ ከአገር ይወጣል» ሲባል እንሰማለን። እንዲህ አይደለም። ከአንድ ማሳ የተነሣው አፈር አብዛኛው ከዳገቱ ግርጌ፣ ከድንበር ሣሩ ሥር፣ ከሜዳው ላይ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ከመደቦቹ ገንዳ የተመዘነው ኪሳራ በወንዙ መውጫ ከተመዘነው የሚበልጠውም ለዚህ ነው። በሱዳን የሮዛሪስን ግድብ በደለል የሞላው የአባይ አፈር እውነት ነው፤ ቢሆንም የመደብን ልኬት በአገር ስፋት አባዝቶ ድንበር ማሻገር የጣቢያዎቹን መዝገብ ያለማንበብ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ቀመሩ ልምጣ። አሜሪካውያን በራሳቸው አገር በሺህ ከሚቆጠሩ የሙከራ ውጤቶች ተነሥተው የሠሩት የአፈር መሸርሸር ቀመር የዝናብን ኃይል፣ የአፈርን ጠባይ፣ የዳገቱን ርዝመትና ቁልቁለት፣ የሰብልን ሽፋንና የአያያዝ ዘዴን አባዝቶ ዓመታዊውን ኪሳራ ያሰላል። ችግሩ የሚጠይቀው መረጃ በኢትዮጵያ አለመኖሩ ነበር። የዝናብን ኃይል ለማወቅ በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የአፈርን ጠባይ ለማወቅ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። ሁርኒ በ1985 ያደረጉት ነገር ቀመሩን የወረዳ ግብርና ሠራተኛ ሊሠራበት ወደሚችል መልክ ማውረድ ነው። ለዝናቡ የዓመቱ ጠቅላላ መጠን በሚሊ ሜትር ብቻ ይበቃል፤ በ0.562 ይባዛል፣ ከውጤቱ 8.12 ይቀነሳል። ለአፈሩ ቀለሙ ይታያል፤ ጥቁር ከሆነ 0.15፣ ቡናማ ከሆነ 0.20፣ ቀይ ከሆነ 0.25፣ ቢጫ ከሆነ 0.30። ለሰብሉ ሽፋን ጤፍ 0.25፣ ስንዴና ገብስ 0.15፣ ማሽላና በቆሎ 0.10 ተሰጣቸው፤ በሌላ አነጋገር ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ የጤፍ ማሳ ከማሽላው ማሳ ሁለት ተኩል እጥፍ አፈር ያጣል።

በሚቀጥለው ዓመት ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ያዘጋጁት መመሪያም በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። የአየር ንብረት ክፍፍሉ ከውጭ አልመጣም፤ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለውን የገበሬውን የራሱን አከፋፈል ወስደው ከፍታና የዝናብ መጠን ሰጡት። ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፣ ደጋ ከዚያ እስከ 3,200 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ሆነ፤ እያንዳንዱም እንደ ዝናቡ መጠን ተከፋፍሎ ለየክፍሉ የሚስማማው እርከን፣ ቦይና ዛፍ ተዘረዘረ። በዚያ ዘመን ለወሎና ለጎጃም አንድ ዓይነት እርከን ይታዘዝ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ አካሄድ ራሱ ተቃውሞ ነበር።

ቀለል ያለው ቀመር ከዚያ በኋላ የራሱን ዕድሜ ኖረ። ዛሬ ተማሪው የሳተላይት ምስል ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ የዝናብ መረጃ ያስገባል፣ የሁርኒን ቁጥሮች በየካርታው ላይ ያባዛል፣ ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀባ የወረዳ ካርታም ይወጣለታል። እንደ መምህር እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በየዓመቱ ይቀርቡልኛል። ከማሳው አንድ ጠርሙስ ውኃ ያልቀዳ፣ የአፈሩንም ቀለም በዓይኑ ያላየ ሰው ለአንድ ተፋሰስ እስከ ነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ድረስ የተሰላ የአፈር ኪሳራ ይነግረኛል። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ የመስክ ሥራ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፣ እኛም መምህራኑ ካርታውን አይተን እናልፈዋለን። ነገር ግን መረጃ በሌለበት ዘመን ለመስክ ሠራተኛ እንደ ማዝገሚያ የተሰጠ ቀመር፣ መረጃ መሰብሰብን ማስቀሪያ ሲሆን ከታሰበለት ተቃራኒ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ልኬት ከቀመር የሚበልጥበትን ምክንያት ከሁሉም በላይ የሚያሳየው የአንጀኒው እርከን ነው። በ1986 ተፋሰሱ በሙሉ ፋንያ ጁ በሚባለው እርከን ተሸፈነ። ይህ ከኬንያ የመጣ ዘዴ ሲሆን፣ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው በኩል ይጣላል፤ ከጊዜ በኋላ ደለሉ እየሞላ መሬቱን ወደ ደልዳላ ደረጃ ይለውጠዋል። በቀመሩ መሠረት የሚጠበቀው ውጤት ግልጽ ነበር፤ የአፈሩ ኪሳራ ይቀንሳል። በእርግጥም ቀነሰ። ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ የጣቢያዎቹን መዝገብ መርምረው በ1999 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላም ነገር አሳየ፤ አፈሩ ቢድንም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰብል ምርቱ አልጨመረም። እርከኑ ራሱ ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል። ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጎጃም ባለ አካባቢ ከእርከኑ ጀርባ ውኃ ይተኛና ሰብሉን ያፍነዋል። አረምና አይጥ እርከኑን መጠለያ ያደርጉታል። ጠባብ በሆነ ቦታ በሬ ማዞርም ያስቸግራል።

ይህን ውጤት በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። በመንግሥት ለውጥ ጊዜ፣ በ1991 አካባቢ፣ በብዙ ቦታ ገበሬዎች በዘመቻ የተሠሩ እርከኖችን አፍርሰዋል። በወቅቱ የተሰጠው ማብራሪያ የግንዛቤ ማነስ ነበር። የጣቢያዎቹ መዝገብ ለገበሬው ይመሰክርለታል፤ ከአንድ ጥማድ መሬቱ ቦታ የሚወስድ፣ ምርቱን ለዓመታት የማይጨምር፣ ያለፈቃዱ የተሠራ ነገር ቢያፈርስ ሒሳቡን ስቷል ለማለት ያዳግታል። በደረቁ አካባቢ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ እርከኑ የሚያቆረው እርጥበት ራሱ ምርት ነው። ሁርኒ በኋለኛው ዘመናቸው አንድ የአፈር ጥበቃ ዘዴ አፈርን ማዳኑ ብቻውን አይበቃም፣ ኅብረተሰቡ ሊቀበለውና ለባለ መሬቱ ሊያዋጣውም ይገባል፤ ከገበሬው ቤተሰብ እስከ መንግሥትና ዓለም አቀፍ ድርጅት ድረስ ያሉ ባለድርሻዎች ሁሉ በውሳኔው ይግቡበት ሲሉ የተከራከሩት ከእንዲህ ዓይነቱ ልምድ ተነሥተው ነው። የአፈር ሳይንቲስት የዘላቂ ልማት ሰው የሚሆነው፣ የራሱ ልኬት የራሱን ምክር ሲቃወምበት መዝገቡን ሳይደብቅ ሲቀር ይመስለኛል።

የቀረውን የሥራ ዘመናቸውን ባጭሩ ልለፈው። በርን ላይ ያቋቋሙትና የመሩት ማዕከል ከ2001 ጀምሮ ለ12 ዓመታት የሰሜንና የደቡብ አገሮች ተመራማሪዎችን ያገናኘ ትልቅ የምርምር ፕሮግራም አስተባብሯል። በ1992 የበርን ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው የጀመሩት፣ በየአገሩ ያሉ የመሬት አያያዝ ዘዴዎችን በአንድ ዓይነት ቅጽ የሚመዘግበው ዎካት የተባለው መረብ በ2014 በተባበሩት መንግሥታት የበረሃማነት መከላከያ ስምምነት ተቀባይነት አግኝቷል። በአዲስ አበባ በ2011 የተመሠረተው የውኃና የመሬት ሀብት ማዕከልም የድሮዎቹን ጣቢያዎች መረጃ ይዞ፣ በባሕር ዳር አቅራቢያ እንዳለው አባ ገሪማ ባሉ አዳዲስ ተፋሰሶች ላይ ሥራውን ቀጥሏል።

ከሁሉ በላይ የምቆጥረው ግን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በዚያ መረጃ ላይ የሠሩትን ነው። ዶክተር ጌቴ ዘለቀ ከሁርኒ ጋር በ2001 ባሳተሙት ጥናት በደምበጫ አካባቢ በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶውን ይሸፍን የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ መውረዱን፣ የእርሻ መሬቱ በአንጻሩ ከ39 ወደ 77 በመቶ ማደጉን ከአየር ፎቶግራፍና ከመስክ ሥራ አሳይተዋል። የአንጀኒ ጠርሙሶች ለምን እንዲህ ወፍራም ውኃ እንደያዙ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ተማሪዎቻቸውም የማይባርን፣ የአንዲት ጥድንና የአንጀኒን መዝገብ ከዓመታት በኋላ ከፍተው ሌላ ነገር አገኙበት፤ በደጋችን ጎርፍ የሚፈጠረው ዝናቡ ከአፈሩ የመጠጣት አቅም በመብለጡ ብቻ አይደለም፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጠጥቶ የጠገበው የግርጌ መሬትና የተራቆተው ዳገት የጎርፉ ዋና ምንጭ ይሆናሉ። ይህ ግኝት ሁርኒ በ1985 ካስተካከሉት ቀመር መነሻ ሐሳብ ጋር አይስማማም። ቀመሩን የሚያርመው መረጃ የመጣው ግን እሳቸው ካቋቋሟቸው ጣቢያዎች ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥቤ ያደርሰኛል፤ እሱም ቦረቦር ነው። ቀመሩ የሚያሰላው በማሳ ላይ በስሱ የሚጠረገውንና በትናንሽ ቦዮች የሚሄደውን አፈር ብቻ ነው፤ ለቦረቦር ቦታ የለውም። በጎጃምና በጎንደር ዋልካ ሜዳዎች ላይ ግን ክረምቱ ሲጋመስ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፣ የቦረቦሩ ግድግዳ ከሥሩ ይርሳል፣ ቤት የሚያህል አፈር በአንድ ጊዜ ይናዳል፤ በአንድ ክረምት ከአንድ ቦረቦር የሚወጣው ከዙሪያው ማሳ ሁሉ ከሚወጣው ሊበልጥ ይችላል። በቀለም የተቀባው የወረዳ ካርታ ይህን ሜዳ ደልዳላ ስለሆነ ብቻ «አነስተኛ ሥጋት» ብሎ አረንጓዴ ይቀባዋል። በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የምሰጠው የቤት ሥራ ከዚህ የመነጨ ነው። ወደ ካርታው ከመግባታችሁ በፊት አንድ ቦረቦር ምረጡ፤ ከአፋፉ ራቅ አድርጋችሁ ችካል ትከሉ፤ ሰኔ ሲገባ ስፋቱንና ጥልቀቱን በሜትር ለኩ፤ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ድገሙት፤ ከጎኑ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የውኃውን ከፍታ በየሳምንቱ መዝግቡ። ካርታውን ይዛችሁ የምትመጡት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ አረንጓዴ የተቀባው ሜዳ ስንት ቶን እንዳጣ ያኔ አብረን እናሰላዋለን።